ብርድ፣ ክብደትና የቡና አገር

በ1843 አንቷን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ተጓዥ ከሊሙ እናርያ ተነሥቶ ካፋ፣ ቦንጋ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመሄዱ ሰበብ ሠርግ ነበር። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ የሚያመጡ መልእክተኞች ሲልኩ፣ እርሱም ከሚዜዎቹና ከአጃቢዎቹ ጋር ተቀላቀለ። በቦንጋ የቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ እኛ ወደ ቤንች አገር አልዘለቀም።

ዳባዲ ለኢትዮጵያ ጥናት የተወው ብዙ ነው፤ የግዕዝ ብራናዎች ሰብስቧል፣ በ1881 የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳትሟል። እኔን ግን ከሁሉ ይልቅ የሚስበኝ ቴርሞሜትሩ ነው። በዚያ ዘመን የአንድን ተራራ ወይም የአንድን ከተማ ከፍታ ለማወቅ ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ ውሃ ማፍላት ነበር። ቴዎዶላይቱን ተክሎ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እያነጣጠረ፣ የተራሮቹን ስም ከአገሬው እየጠየቀ ሲጽፍ፣ በሌላ በኩል ደግሞ ውሃ ጥዶ የፍላቱን ዲግሪ ያነብ ነበር። መንገዱን የሚያልፍ ገበሬ ይህን ሰውዬ ምን ብሎ ይሆን? ቡና የሌለበት ጀበና ጥዶ ትኩር ብሎ የሚያይ እንግዳ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ቴፒ ላይ በ96 ገደማ፣ እዚህ ሚዛን ተፈሪ በ95 ገደማ፣ አዲስ አበባ በ92 ገደማ ይፈላል። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ የጣደ ሰው ውሃው በ85 ዲግሪ ሲንተከተክ ያያል። በደጋ ባቄላ አልበስል የሚለው እሳቱ ስላነሰ አይደለም፤ ውሃው ከዚያ በላይ መሞቅ ስለማይችል ነው። ምክንያቱም አየር ክብደት አለው። ከበላያችን ያለው አየር ሁሉ በስበት ወደ መሬት እየተሳበ ይጫነናል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ከበላያችን የሚቀረው እያነሰ፣ ጭነቱም እየቀለለ ይሄዳል፤ ጭነት የቀለለለት ውሃ ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ዳባዲ ሙቀት እየለካ መስሎ የሚለካው ክብደት ነበር።

ዳባዲ ኢትዮጵያን ለቆ የወጣው በ1848 መጨረሻ ነው። በዚያው በ1848፣ በጥቅምት ወር፣ ዊልያም ቶምሰን የሚባል የ24 ዓመት ወጣት ፕሮፌሰር በስኮትላንድ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ይህ ሰው በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ነው። ሁለቱም አየርላንድ መወለዳቸው ደስ የሚል አጋጣሚ ነው፤ ዳባዲ በ1810 በደብሊን፣ ቶምሰን በ1824 በቤልፋስት። የቶምሰን ጽሑፍ የሚለው በአጭሩ፦ ለሙቀት የላይ ወሰን ባናውቅለትም ለብርድ ግን ወለል አለው፤ ወለሉም ውሃ ከሚረጋበት ዲግሪ 273 ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ፍጹም ዜሮ የምንለው ይህ ነው።

ሐሳቡ ከእርሱ በፊትም ነበረ። በ1702 እና በ1703 ጊዮም አሞንቶን የሚባል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው የማይሰማ ፈረንሳዊ፣ በዕቃ ውስጥ የታፈነ አየር በቀዘቀዘ ቁጥር ግፊቱ በልክ እየቀነሰ እንደሚሄድ አስተዋለ። ቅነሳው ሳያቋርጥ ቢቀጥል ግፊቱ ጨርሶ የሚጠፋበት ዲግሪ መኖር አለበት ማለት ነው፤ ስሌቱም ከዜሮ በታች ወደ 240 ዲግሪ ያህል ያመራል። በዚያ ዘመን መሣሪያ ይህን ያህል መቅረቡ ያስገርማል። ቶምሰን የጨመረው ወለሉ የአየር ጠባይ ብቻ ሳይሆን የሙቀት የራሱ ሕግ መሆኑን ነው።

እንግዲህ ፍጹም ዜሮ ከስበት ጋር ምን አገናኘው? አንዳንድ ሰው «በጣም ሲቀዘቅዝ ስበትም ይቆማል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አይቆምም። የቀዘቀዘ ነገርም ይወድቃል። እርግጥ ከአንስታይን ወዲህ ሙቀት ራሱ ክብደት እንዳለው እናውቃለን፤ አንድ ሊትር የፈላ ውሃ 80 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ከክብደቱ የሚጎድለው ግን የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ አራት እጅ ያህል ነው። የቡና ሚዛን ሲያጭበረብር ያየ ሰው ለዚህች አይጣላም።

ዝምድናቸው ሌላ ቦታ ነው። ከላያችን ያለው አየር የቆመው በሁለት ኃይሎች ክርክር ነው። ስበት የአየሩን ሞለኪውሎች በሙሉ ወደ መሬት ይጠራቸዋል፤ ሙቀት ደግሞ አንዱን ከአንዱ እያጋጨ ወደ ላይ ይበትናቸዋል። እንዳለን ሙቀት ቢሆን፣ በየ8 ኪሎ ሜትሩ ከፍታ የአየር ግፊት ወደ ሲሶ ገደማ ይወርዳል። ሙቀቱ በግማሽ ቢቀንስ ያ ቁመት በግማሽ ያጥር ነበር። ወደ ፍጹም ዜሮ ቢጠጋ ቁመቱም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ክርክሩን ስበት ይረታል ማለት ነው። በአንድ ወቅት ለራሴ እንዲህ ጽፌ ነበር፤ ከግጥምነቱ ይልቅ ማስታወሻነቱ ይበልጣል፦

ክብደት «ና ውረድ» ሲል፣ ሙቀት «ውጣ» ሲለው፣
አየር ከሁለቱ፣ መኻል ነዋሪ ነው።

እንደ ባንክ ሠራተኛ በኩንታል ላስላው። በሚዛን ተፈሪ ላይ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የተጫነው አየር 85 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ይህ ሁሉ አየር ቢቀዘቅዝ፣ በ183 ዲግሪ ከዜሮ በታች ኦክስጅኑ፣ በ196 ደግሞ ናይትሮጅኑ ፈሳሽ መሆን ይጀምራሉ፤ ከ210 እስከ 219 ባለው ደግሞ ሁለቱም ይረጋሉ። ያን ጊዜ ሰማዩ በሙሉ መሬት ላይ ወርዶ ቢነጠፍ ውፍረቱ ከ10 ሜትር አይበልጥም። አንድ ትልቅ የዋንዛ ዛፍ በላዩ ብቅ ብሎ ይታያል። ይህ ቅዠት አይደለም፤ ፕሉቶ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አለ። በ2015 ኒው ሆራይዘንስ የተባለችው መንኮራኩር በአጠገቡ ስታልፍ የናይትሮጅን በረዶ የተኛበት ሰፊ ሜዳ ፎቶግራፍ አንሥታለች። ጨረቃ ደግሞ የተገላቢጦሹ ናት፤ ስበቷ ደካማ በመሆኑ አየር ይዛ ማቆየት አልቻለችም፤ በእርሷ ዘንድ የረታው ሙቀት ነው።

ከዚህ ወደ ራሳችን አገር እንመለስ። አባቶቻችን ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ ብለው አገሩን በደረጃ የከፈሉት ቴርሞሜትርም ባሮሜትርም ሳይኖራቸው ነው። የዘር ምርጫቸው፣ የከብት አያያዛቸው፣ የንብ ቀፎ አሰቃቀላቸው ሁሉ በዚህ ደረጃ ተለክቶ ነበር። ግን ደጋ ለምን ይበርዳል? ለፀሐይ እኮ ይቀርባል! ልጅ ሆኜ ይህን ስጠይቅ የሚያጠግብ መልስ የሰጠኝ አልነበረም፤ ጥያቄው ግን የልጅ ጥያቄ አይደለም፤ የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን ታላላቅ ሊቃውንት አነታርኳል።

ቶምሰን በ1862 መልስ ሰጠ። መሬት በፀሐይ ትሞቃለች፤ መሬት የነካው አየር ይሞቅና ሽቅብ ይወጣል። ወደ ላይ ሲወጣ የሚጫነው ክብደት ስለሚቀንስ ይነፋል፤ ለመንፋት ጉልበት ያወጣል፤ ጉልበቱን የሚያወጣው ከራሱ ሙቀት ነው፤ ስለዚህ ይቀዘቅዛል። ደረቅ አየር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ ያጣል፤ በትክክል 9.8 ዲግሪ። ይህ ቁጥር ከመሬት ስበት ቁጥር ከ9.8 ጋር መመሳሰሉ ዓይን ይስባል። መመሳሰሉ የመለኪያዎቻችን አጋጣሚ ነው፤ አንድ ኪሎ አየር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1,000 ጁል ያህል ስለሚበቃ እንጂ። ዝምድናው ግን እውነት ነው፤ ስበት ቢበረታ መሰላሉ ይበልጥ ቀጥ ያለ፣ ስበት ቢደክም ደግሞ የተጋደመ ይሆን ነበር። እርጥበት ያለው አየር፣ እንደ እኛ እንደ ምዕራቡ ደን አየር ያለው፣ እንፋሎቱ ወደ ደመና ሲለወጥ የያዘውን ሙቀት ስለሚመልስ ቅዝቃዜው ይለዝባል፤ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ገደማ ይሆናል።

አሁን ደረቁን ስሌት ይዘን ወደ ላይ እንቁጠር። ከታች 15 ዲግሪ ሙቀት ካለ፣ ይኸውም ከፍጹም ዜሮ 288 ዲግሪ ከፍ ያለ ከሆነ፣ በየኪሎ ሜትሩ 9.8 እየቀነስን ስንሄድ ወደ 29 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የብርዱን ወለል እንነካለን። በዚህ ስሌት መሠረት የሰማይ ጣራ ፍጹም ዜሮ ነው፤ ከዚያ በላይ አየር ሊኖር አይችልም። መሬት ላይ ፈልገን የማናገኘውን ዜሮ ስበት ከራሳችን በላይ፣ ከሚዛን እስከ ቴፒ ካለው መንገድ ባልራቀ ርቀት፣ ሰቅሎት ነበር ማለት ነው።

ደግነቱ ሰማዩ ስሌቱን እስከ መጨረሻው አልተከተለም። በ1902 ሌዮን ቴስራን ደ ቦር የሚባል ፈረንሳዊ፣ መሣሪያ የተሸከሙ ባሉኖችን ዓመታት ሙሉ ሲለቅ ከቆየ በኋላ፣ በአውሮፓ ሰማይ ከ11 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ሙቀቱ መቀነሱን እንደሚያቆም አሳወቀ። በእኛ በሐሩር ክልል ይህ ወሰን ከፍ ብሎ ወደ 17 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ብርዱም 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይደርሳል። ከወሰኑ በላይ ኦዞን የፀሐይን ጨረር እየጠጣ አየሩን መልሶ ያሞቀዋል።

በመካከሉ የተነሣው ክርክር ከዚህም ይጥመኛል። በ1876 ዮሴፍ ሎሽሚት የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ፣ አየር ባይናወጥ እንኳ፣ ጸጥ ብሎ ቢቀመጥም፣ ስበት ብቻውን የላዩን ቀዝቃዛ የታቹን ሞቃት ያደርገዋል ብሎ ተከራከረ። ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ፍጥነቱን እንደሚያጣ ሁሉ ሽቅብ የሚሄድ ሞለኪውልም ፍጥነቱን ያጣል፤ ፍጥነት ማጣት ደግሞ መቀዝቀዝ ነው ማለቱ ነበር። ላዩን ሲያዩት እንከን የለውም። ማክስዌልና ቦልትስማን ግን አይደለም አሉ። ዘገምተኞቹ ሞለኪውሎች ወደ ላይ መድረስ አቅቷቸው ከመንገድ ስለሚመለሱ፣ ላይ የሚደርሱት ከታች ሲነሡ ፈጣን የነበሩት ብቻ ናቸው፤ እነርሱ ፍጥነት ቢያጡም የሚቀራቸው አማካይ ከታቹ ጋር እኩል ይሆናል። ጸጥ ያለ አየር ከላይ እስከ ታች አንድ ሙቀት ይይዛል። በ1930 ሪቻርድ ቶልማን በአንስታይን ሕግ ሲያሰላው ሎሽሚት በሌላ ምክንያት ጥቂት እውነት ሊኖረው እንደሚችል ታየ፤ ልዩነቱ ግን በመሬት ላይ በየሜትሩ ከዲግሪ ትሪሊዮንኛ እጅግ ያነሰ በመሆኑ በምንም ቴርሞሜትር አይታይም። እንግዲህ ደጋን ያበረደው ስበት ብቻውን አይደለም፤ ስበትና የአየሩ መውጣት መውረድ አብረው ናቸው።

ዳባዲን መሐል መንገድ ላይ ትተነው መጣን። እርሱ ከፍታ ለመለካት ያን ያህል የጠነቀቀ ሰው በአንድ ትልቅ ነገር ተሳስቷል፤ ግቤ የነጭ ዓባይ ምንጭ ነው ብሎ እስከ ሙግት ደርሷል። ውሃ ግን ለክርክር አይታዘዝም፤ ቁልቁለቱን ይከተላል። ግቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል፤ ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦተጎ በ1896 ይህን አረጋገጠ። በቀጣዩ ዓመት በ1897 ዳባዲ ሞተ፤ በዚያው ዓመት የካፋ መንግሥት የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረኩ።

ከመሞቱ በፊት ግን ዳባዲ በፈረንሳይ ደቡብ ጫፍ፣ አንዳይ በምትባል ከተማ፣ በባሕር ዳር ቤተ መንግሥት መሰለ ቤት አሠርቶ ነበር፤ በግድግዳው ላይ የአማርኛ ጽሑፍና የኢትዮጵያ ኑሮ ሥዕሎች ይገኛሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ስበት የሚጎትተው መስመር፣ የቱምቢው አቅጣጫ፣ በእርግጥ ቀጥ ብሎ ይቆም እንደሆነ ለማወቅ በጥልቅ ቦታ ሜርኩሪ አስቀምጦ የብርሃን ነጸብራቁን ለዓመታት ተመለከተ። ቱምቢው ጸጥ አይልም። በኢትዮጵያ በፈላ ውሃ የጀመረውን የክብደት ጥናት በእርጅናው በሜርኩሪ ቀጠለው።

ዛሬ ያንን ሥራ የሚሠሩ መሣሪያዎች ወደ ፍጹም ዜሮ የተጠጉ ናቸው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የታወቀ አንድ ዓይነት የስበት መለኪያ አለ፤ በፈሳሽ ሂሊየም ቀዝቅዞ፣ ከፍጹም ዜሮ 4 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ፣ አንዲት የኒዮቢየም ኳስ በማግኔት ላይ ያንሳፍፋል። በዚያ ብርድ ኤሌክትሪክ ያለ ምንም ተቃውሞ ስለሚፈስ ማግኔቱ አይደክምም፤ ኳሷም በጨረቃ መሳብ መሬት ስትነፋና ስትሟሽሽ ታውቃለች። ተቃራኒውም አለ። አተሞችን ይበልጥ ማቀዝቀዝ የሚፈልጉ ሰዎች ስበት ያስቸግራቸዋል፤ አተሞቹ ይወድቁባቸዋልና። ስለዚህ በ2021 ጀርመኖች በብሬመን ከሚገኝ ረጅም ግንብ ላይ መሣሪያቸውን ራሱን ለቀቁት፤ አተሞቹና መሣሪያው አብረው በመውደቃቸው ክብደት ጠፋ፤ በእነዚያ ሁለት ሴኮንዶች ውስጥ የዲግሪ ትሪሊዮንኛ 38 እጅ ደረሱ። ፍጹም ዜሮን ራሱን ግን የነካ የለም፤ ሕጉም አይፈቅድም።

ይህ ሁሉ ለቡና አገር ሰው ምን ይፈይዳል? ከቴፒ 1,200 ሜትር ተነሥተን፣ በሚዛን 1,450 አልፈን፣ ወደ ሸዋ ቤንች ስንወጣ የምንወጣው የቶምሰንን መሰላል ነው። ቡና በዚህ መሰላል ላይ የያዘው ጥቂት እርከን ብቻ ነው። ከታች ሲሆን ፍሬው ሳይጠና ይቀላል፤ ከላይ ሲሆን ብርዱ ያስቀረዋል፤ በመካከሉ ቀስ ብሎ የበሰለው ቡና ነው ስም ያለው። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ እርከኖቹ ሁሉ 150 ሜትር ያህል ሽቅብ ይገፋሉ፤ ቡናው ግን ሥር አለውና አይከተላቸውም። በ2017 የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። እነዚያው ሰዎች ከፍ ወዳለው መሬት መሸጋገር ብዙ አዲስ ቦታ እንደሚሰጥም ጽፈዋል። ከፍ ያለው መሬት ግን ባዶ አይደለም፤ እንሰት አለው፣ ደን አለው፣ ባለቤት አለው። ተራራም ጫፍ አለው።

እኔ የምሠራው የብድር መስኮት ላይ ነው። በምሞላው ቅጽ የመሬቱ ስፋት፣ የይዞታው ማረጋገጫ፣ ያለፈው ዓመት ምርት ስንት ኩንታል እንደሆነ ይጠየቃል። ከፍታ የሚል ረድፍ የለውም። ቡና ከተተከለ ሦስትና አራት ዓመት ቆይቶ ነው ፍሬ የሚሰጠው፤ ከዚያም አሥርና ሃያ ዓመት ይኖራል፤ የዛሬ ተበዳሪ የሚተክለው ለሌላ አየር ነው። ባለፈው ወር አንድ አዛውንት ገበሬ አዲስ ችግኝ ሊተክሉ ብድር ጠየቁ። «አባቴ፣ መሬትዎ ከወንዙ በላይ ነው በታች?» አልኳቸው።

«ሁለት ቦታ ነው ልጄ። የአባቴ ታች ነው፤ የገዛሁት ላይ። ታችኛው ዱሮ ይሻል ነበር፤ አሁን ላዩ ይሻላል፤ ለምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው» አሉኝ። አብሯቸው የመጣው የልጅ ልጃቸው ሁለቱንም ቦታ በስልኩ ለክቶ ያውቅ ነበር። ከቅጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጻፍኳቸው፦ ታችኛው 1,180 ሜትር፣ ላይኛው 1,420።